የሚሚኪዩ ጨርቅ ስንት ጊዜ ያድነዋል?

ፖክሞን የተባለውን ፍጡራን የሚፋለሙበት የቪዲዮ ጨዋታ ሲጫወቱ ሚሚኪዩን የገጠሙ ብዙዎች ግራ ይጋባሉ። «በኃይለኛ ምት መታሁት፣ ምንም አልሆነም!» ይላሉ። ነገሩ «ዲስጋይዝ» ከሚባለው ችሎታው ነው፤ ማስመሰያ ልብስ ማለት ነው።

ሚሚኪዩ በ2016 እ.ኤ.አ. ፖክሞን ሰን እና ሙን በተባሉት ጨዋታዎች የመጣ የመንፈስና የፌሪ ዓይነት ፍጡር ነው። ብቸኛ ነው። ሰው ታዋቂውን ፖክሞን ፒካቹን ሲወድ ስላየ፣ ፒካቹን የሚመስል ጨርቅ ለብሶ ጓደኛ ይፈልጋል። ሁሌም አንጀቴን ይበላዋል።

ደንቡ እንዲህ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው የመጀመሪያው ምት የሚያርፈው ጨርቁ ላይ ነው። የውሸቱ ጭንቅላት ዘንበል ይላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ምት ግን ራሱን ሚሚኪዩን ያገኘዋል። ቀድሞ ጨርቁ ሲሰበር ምንም አይጎዳም ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጡት ሶርድ እና ሺልድ ከተባሉት ጨዋታዎች ጀምሮ ግን ከሙሉ ጉልበቱ 1/8ኛው ይቀነሳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሚሚኪዩን ከፍልሚያው አውጥቶ መልሶ ማስገባት ጨርቁን አይጠግነውም። መርዝም ጨርቁን ሳይነካ ጉልበቱን ይበላል። የኖርማል፣ የፋይቲንግና የድራጎን ዓይነት ምት ደግሞ ከመነሻው ስለማይሠራበት ጨርቁን አይሰብርም። ደጋግሞ የሚመታ ጥቃት ካላችሁ ግን እሱን ተጠቀሙ። የመጀመሪያው ምት ጨርቁን ይሰብራል፣ የቀሩት በዚያው ዙር ይጎዱታል። «ሞልድ ብሬከር» የሚባለው ችሎታ ያለው ፖክሞንማ ጨርቁን ከነጭራሹ አይቆጥረውም።