የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት በኢትዮጵያ

የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ፣ ልጆች ስለ ተክል፣ ስለ አፈር፣ ስለ ሰውነታቸውና ስለ ብርሃን በየትኛው ክፍል ምን እንደሚማሩ የሚወስን ባለሙያ ነው። ቅደም ተከተሉንም ያወጣል። ልጁ ትምህርቱን መጨበጡ በምን እንደሚለይም ይጽፋል። በአገራችን እነዚህ ባለሙያዎች በትምህርት ሚኒስቴርና በክልል ትምህርት ቢሮዎች ይሠራሉ። አብዛኞቹ ጠመኔ ይዘው ክፍል ውስጥ የኖሩ መምህራን ናቸው። ይህ ዳሰሳ በዋናነት የተመሠረተው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በወጡ መርሐ ትምህርቶችና መማሪያ መጻሕፍት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ዘመን አለፍ አለፍ እያልን እናየዋለን።

ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ትኩረቱ ቋንቋ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1940ዎቹ ወጥ ሥርዓተ ትምህርት መዘጋጀት ቢጀምርም መጻሕፍቱና የማስተማሪያ ቋንቋው በአብዛኛው የውጭ ነበሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ሳይንስን በአገር ቋንቋ ለልጆች መጻፍ የግድ የሆነው ያኔ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ባሕር ዳር ላይ የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ደግሞ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ባለሙያ ማፍራቱን ሥራዬ ብሎ ያዘ።

በደርግ ዘመን ትምህርት ከምርት ጋር ይተሳሰር ተባለ። ከሳይንስ ጎን እርሻና የእጅ ሥራ ተሰለፉ። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ በመጽሐፉ ላይ የታተመውን «ትመማማድ» የሚል ምሕጻር አይረሳውም፤ የትምህርት መሣሪያዎች ማምረቻና ማከፋፈያ ድርጅት ማለት ነው። በየአውራጃው የተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላትም ከእንጨት፣ ከቆርቆሮና ከካርቶን የማስተማሪያ መርጃዎችን ይሠሩ ነበር። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምናያቸው ማበልጸጊያ ክፍሎች የዚያ ዘመን መልካም ውርስ ናቸው።

ሙያው መልኩን የለወጠው በ1986 ዓ.ም. ነው። ፖሊሲው አንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎ ለሁለት ከፈለው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የተፈጥሮና የኅብረተሰብ ይዘቶች ተዋህደው «አካባቢ ሳይንስ» ሆኑ። በ5ኛና በ6ኛ የተቀናጀ ሳይንስ ተከተለ፤ በ7ኛና በ8ኛ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ለየብቻ ተሰጡ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተወሰነ። የአንደኛ ደረጃን ሥርዓተ ትምህርት የማዘጋጀት ሥልጣንም ወደ ክልሎች ወረደ። በአንድ ጊዜ በየክልሉ፣ ከዚያ በፊት መማሪያ መጽሐፍ ባልተጻፈባቸው ቋንቋዎች ጭምር፣ ሳይንስ የሚጽፍ ሰው አስፈለገ። የክልል ባለሙያዎች ያንን ሸክም በአጭር ጊዜ ተሸክመው ልጆች እጅ ላይ መጽሐፍ ማድረሳቸው እስካሁን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

የማዋሃዱ ጉዳይ ብዙ አነጋግሯል። ሳይንሱ በኅብረተሰብ ትምህርት ተውጦ ቀጠነ የሚሉ አሉ። ግን የስምንት ዓመት ልጅ ወንዝን ሲያይ ጂኦግራፊውን ከባዮሎጂው ለይቶ አያይም። በታችኞቹ ክፍሎች ማዋሃዱ ትክክል ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ከአገር አቀፍ ማዕቀፍ ነው። ከዚያ ለየክፍሉ አነስተኛ የመማር ብቃት ይወጣል፤ አንድ ተማሪ ዓመቱን ሲጨርስ ቢያንስ ምን ማድረግ መቻል አለበት የሚለው ማለት ነው። ቀጥሎ የትኛው ርእስ በየትኛው ክፍል እንደሚመጣ የሚያሳይ የይዘት ፍሰት ሰንጠረዥ ይሠራል። አዘጋጆች ብዙ የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው። ስለ ትነት ሳይማር ስለ ውሃ ዑደት የሚማር ልጅ እንዳይኖር ርእሱን ከክፍል ክፍል እየጎተቱ ያስተካክላሉ። መርሐ ትምህርቱ፣ የተማሪው መጽሐፍና የመምህሩ መምሪያ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ረቂቁ በመምህራን ይተቻል፣ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ይሞከራል፣ ይታረማል።

የሙያው ልክ የሚታየው ግን በአንድ ገጽ ነው። የአፈር ዓይነቶችን ትምህርት እንውሰድ። ላቦራቶሪ የለም። ተማሪው ከ60 በላይ ነው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። ሦስት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች ከወገባቸው ይቆረጣሉ። የላይኛው ግማሽ ተዘቅዝቆ በታችኛው ላይ ይቀመጣል፤ አፉ በጨርቅ ይታሰራል። አሸዋ፣ ሸክላ አፈርና ለም አፈር በእኩል መጠን ይጨመራሉ። ልጆቹ ውሃ ቶሎ የሚያሳልፈው የትኛው እንደሆነ በቅድሚያ ይገምታሉ። ከዚያ አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይፈስበታል።

ቀላል ይመስላል። ሸክላ አፈሩ ጓል እንደሆነ ከተጨመረ ግን ውሃው በጓሎቹ መሀል ሾልኮ ይወርዳል፤ ከአሸዋው እኩል ሊፈጥንም ይችላል። መምህሯ በልጆቹ ፊት ግራ ትጋባለች፤ ልጆቹም የተሳሳተ ነገር ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ መምሪያው «አፈሩን ከአንድ ቀን በፊት አስመጪ፣ አድቅቂው፣ ጠቅጠቅ አድርጊው» ማለት አለበት። ይህን አንድ መስመር የሚጽፈው ሙከራውን በእጁ የሠራ አዘጋጅ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ ሙከራ ክፍል ሲገባ ያስታውቃል።

ሌላው ራስ ምታት የትምህርት ዘመኑና የአየሩ ነገር ነው። ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው። በደጋና በወይና ደጋ ያኔ ምድሩ ሁሉ አበባ ስለሆነ ስለ ዕፅዋት ለመማር ከዚያ የተሻለ ወር የለም። ልጅን አደይ አበባ አምጣ ማለት ይበቃል። ቦረና ወይም አብዛኛው ሶማሌ ክልል ግን ዝናቡ የሚመጣው በበልግና ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ስለሆነ መስከረም መግቢያ ላይ ሜዳው ደረቅ ነው። ለደጋው የተመቸው የምዕራፍ ቅደም ተከተል እዚያ አይሠራም። ምሳሌውም እንደዚሁ ነው። ለአፋር ልጅ ትነትን ለማስረዳት ከአፍዴራ የጨው ኩሬዎች የበለጠ ምን ይገኛል? ለሲዳማና ለጉራጌ ልጅ እንሰት በጓሮው ቆሞ የስንዴ ሥዕል ማሳየትስ ለምን? ሥልጣኑ ለክልሎች መሰጠቱ በሳይንስ ዓይን ሲታይ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

የቋንቋው ክርክር በተለይ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ይከራል። ኦሮሚያና ትግራይ ሳይንስን እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ ደግሞ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ቆይቷል። ትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶት በ1999 ዓ.ም. የቀረበው ጥናት ስምንቱንም ዓመት በቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ብዙ ወላጆች ግን ለሁለተኛ ደረጃ ያዘጋጃል ብለው እንግሊዝኛውን ይመርጣሉ፤ ስጋታቸውም መሠረት አለው። ጉዳዩ በሁለቱም ወገን ሊታይ ይችላል።

በአገር አቀፍ የትምህርት ምዘናዎች የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. ወደ 48 በመቶ ገደማ ነበር። በሦስተኛው ዙር ወደ 41 በመቶ ገደማ ወረደ። አካባቢ ሳይንስም ከተመዘኑት ትምህርቶች አንዱ ነው። ፖሊሲው የሚጠብቀው 50 በመቶ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ቁጥር እጅግ ስለጨመረ ጥፋቱን ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ብቻ መጫን አይገባም።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፍኖተ ካርታ የ6-2-4 እርከንን፣ ማለትም ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ የሚለውን፣ መለሰ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2014 ዓ.ም. በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ በ2015 ዓ.ም. በስፋት ሥራ ላይ ዋለ። አሁን አካባቢ ሳይንስ እስከ 6ኛ ክፍል ይዘልቃል። በ7ኛና በ8ኛ ሦስቱ የሳይንስ ዘርፎች ተመልሰው በአንድ አጠቃላይ ሳይንስ ተጠቃለዋል።

የታተሙት መጻሕፍት በብዙ ቦታ ዘግይተው ስለደረሱ መምህራንና ወላጆች ፒዲኤፉን በቴሌግራም ተቀባብለው በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አስነሡት። ይህም ለአዘጋጆች አዲስ ሥራ ፈጠረ። የደም ዝውውር ሥዕል ላይ ኦክስጅን የያዘው ደም በቀይ፣ ኦክስጅኑ የቀነሰው በሰማያዊ ሲሳል ያምራል። ፎቶ ኮፒ ሲሆን ግን ሁለቱም ግራጫ ናቸው። ስለዚህ ከቀለሙ ሌላ ቀስትና ስያሜ ያስፈልጋል፤ አንዱን ሥር በድፍን መስመር፣ ሌላውን በነጠብጣብ መሳልም ይረዳል።