ጄልኮት ምንድን ነው? ጀልባስ ለምን ይደበዝዛል?

ባሕር ዳር፣ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ የሚሄዱት ጀልባዎች የሚቆሙበት ጋ ስትደርሱ፣ አንድ የቆየ የፋይበር ግላስ ጀልባ ፈልጉና ጎኑን ዳበስ አድርጉት። መዳፋችሁ ጠመኔ የነካ ይመስል ነጭ ዱቄት ይዞ ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "ቀለሙ ለቋል፣ ይቀባ" ይላል። የለቀቀው ግን ቀለም አይደለም። ጄልኮት ነው።

ጄልኮት የጀልባው የውጭ ቆዳ ነው፤ ቀለም የተቀላቀለበት ፖሊስተር ሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ። የፋይበር ግላስ ጀልባ የሚሠራው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። መጀመሪያ በሰም የተወለወለ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ጄልኮቱ ይረጫል። ፋይበር ግላሱ፣ ማለትም ከመስታወት ክር የተሠራው ጨርቅ፣ በሬዚን እየራሰ የሚደረበው ከዚያ በኋላ ነው። ጀልባው ደርቆ ሲወጣ እንደ መስታወት የሚያበራው የቅርጽ ማውጫውን ልስላሴ ይዞ ስለሚወጣ ነው። የጄልኮቱ ውፍረት ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

የሚያደበዝዘው ፀሐይ ነው። የደንገል ታንኳ ላለው ሰው ፀሐይ ወዳጁ ናት፤ ውሃ የጠጣ ታንኳውን ዳር አውጥቶ ያሰጣዋል፣ ሲደርቅ ይቀልለታል። ፋይበር ግላስን ግን ትበላዋለች። አልትራቫዮሌት ጨረር ከአየሩ ጋር ተባብሮ የጄልኮቱን ላይኛ ገጽ ወደ ዱቄት ይለውጠዋል። ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል።

ዱቄቱ ላይ ሰም መቀባት ልፋት ነው። ለጥቂት ጊዜ ያብረቀርቅና ተመልሶ ያው ይሆናል። የሞተው ገጽ መጀመሪያ መነሳት አለበት። ጀልባው ታጥቦ ይድረቅ፤ ሥራው ጥላ ውስጥ ይሁን። ከዚያ ኮምፓውንድ (የሞተውን ገጽ የሚፍቅ ቅባት) በመወልወያ ማሽን፣ በዝግታ፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዙ። ማሽኑን አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት፣ ያቃጥላል። ቀጥሎ ደቃቅ ፖሊሽ፣ መጨረሻ ሰም። በጣም ለተጎዳ ጀልባ ከኮምፓውንዱ በፊት 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ ማሸት አለ፤ እኔ ግን አልቸኩልበትም። ያቺን ግማሽ ሚሊ ሜትር አስታውሱ። አንዴ ፋይበሩ ከታየ በመወልወል አይመለስም፤ አዲስ ጄልኮት ወይም ቀለም ይጠይቃል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ካበራ በኋላ ያለው ነው። በዓመት ሁለቴ ሰም ይቀባ፤ አንዱ ክረምቱ እንደወጣ፣ የበጋው ፀሐይ ሳይበረታ። ቆሞ ሲውል ሸራ ይልበስ። በረኪና አይንካው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናም ሰሙን ይዞት ይሄዳል፤ የመኪና ሻምፖ ይሻላል። የምለምናችሁ ነገር ቢኖር፣ እጣቢው ጣና ውስጥ አይግባ። ከሐይቁ ራቅ ብላችሁ እጠቡት።

ሰሙ መኖሩን ለማወቅ ውሃ እርጩበት። ጠብታው ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ሰሙ አለ። ተዘርግቶ ከተኛ ግን አልቋል።