ማኅበራዊ ጉልበት ምንድን ነው?

ቅዳሜ ሠርግ፣ እሁድ መልስ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ውስጥ አንዷ የጭፈራውን ቪዲዮ ለባልደረቦቿ እያዞረች ታሳያለች፤ ሌላዋ ለ«እንዴት አደርሽ» መልስ መስጠት እንኳ ከብዷታል። ሁለቱም እኩል ጨፍረዋል። ማኅበራዊ ጉልበት የምንለው ይህን ከሰው ጋር የመዋል አቅም ነው።

ሰዎችን ኢንትሮቨርት (ብቻውን መሆን የሚያሳርፈው) እና ኤክስትሮቨርት (ከሰው ጋር ሲሆን የሚነቃቃ) ብሎ የመለየቱን ነገር በ1921 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው። የዛሬ አጥኚዎች ግን ሁለት ጎራ አያደርጉትም፤ አብዛኛው ሰው መሐል አካባቢ ነው። ኢንትሮቨርትነት ከዓይን አፋርነት ጋርም አይምታታ። ዓይን አፋሩ መናገር እየፈለገ «ምን ይሉኝ» ብሎ ይፈራል። ኢንትሮቨርቱ ግን መድረክ ላይ ወጥቶ ሲያስቃችሁ ያመሽና በማግስቱ ስልኩን አጥፍቶ ሊውል ይችላል።

«ኤክስትሮቨርት ነኝ፣ ሰው አይደክመኝም» ለሚሉ ደግሞ አንድ ነገር አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የፊንላንድ ጥናት ተማሪዎችን በቀን ውስጥ ደጋግሞ ስሜታቸውን እያስመዘገበ ተከታተለ። ተጫዋች ሆነው በቆዩበት ሰዓት ደስ ብሏቸዋል፤ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ግን ድካሙ መጣ፤ በተጫዋቹም በዝምተኛውም ላይ። ጨዋታው ላይ ሳለን ድካሙ ስለማይታወቀን ነው ለማታም ሌላ ቀጠሮ የምንይዘው።

እኛ ዘንድ «ዛሬ ጉልበት የለኝም» ብሎ ከለቅሶ መቅረት አይታሰብም። ስለዚህ መላው እዚያው ውስጥ ይፈለጋል። ድንኳን ውስጥ የዕድር ወንበር የሚያመላልሰውን፣ እጅ የሚያስታጥበውን፣ ጓዳ ገብታ ሲኒ የምታጥበውን ልብ በሉ። መጥተዋል፣ ታይተዋል፣ ወሬ የመያዝ ግዴታ ግን የለባቸውም። (ሁሉም ለዚህ ብለው ነው አልልም፤ አንዳንዶቹ ግን በእርግጥ ለዚህ ነው።) ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ብራያን ሊትል እንዲህ ያለውን ቦታ «ማገገሚያ ጥግ» ይለዋል። እሱ ራሱ ንግግር አድርጎ ሲጨርስ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ይደበቅ ነበር።

ጨዋታ ወዳድ ባልና ቶሎ የሚደክማት ሚስት ካሉ፣ የመሄጃውን ሰዓት ከቤት ሳይወጡ ይነጋገሩበት፤ እንግዳ ፊት በዓይን መጠቃቀስ ጠብ ያመጣል። አማቶች ቤት ቡና ከሆነ ግን በረካ ሳይጠጡ መነሳት ስለሌለ፣ ዘግየት ብሎ ቶና ላይ መድረስ ይሻላል። «አቦል አመለጣችሁ» የሚለውን ወቀሳ መቻል ነው።