የቫን አውቶማቲክ ካምቢዮ ማውረድና መግጠም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከድሬዳዋ ሐረር የሚመላለሰው ሚኒባስ አብዛኛው የእጅ ማርሽ ስለሆነ፣ የጋራዡም እጅ የለመደው ፍሪሲዮን መቀየር ነው። አውቶማቲክ ሃይኤስ ሲገባ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) በዚያው ልማድ ይወርዳል፣ በዚያው ልማድ ይገጠማል። በሳምንቱ «የገዛሁት ካምቢዮ የሞተ ነበር» የሚል ክርክር ይነሳል። ብዙ ጊዜ ግን ካምቢዮው ሲመጣ ደህና ነበር፤ የሞተው ሲገጠም ነው። ከታች ያሉት አባባሎች ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር የተቀመጠና የኋላ እግሩ የሚነዳ ቫን ላይ የሚሰሙ ናቸው።

«ማርሽ ከዘገየ ካምቢዮው ይውረድ»

መጀመሪያ የዘይቱን መጠን፣ ቀለምና ሽታ እዩ። የጎደለ ዘይት ብቻውን ማርሽ ያዘገያል። የተሰበረ የካምቢዮ ተሸካሚ ጎማ «ዲ» ሲገባ «ጓ!» ያሰኛል፤ እሱን ለመቀየር ካምቢዮ አይወርድም። ከሞተርና ከካምቢዮ መሀል የሚሰማ ማንኳኳት ደግሞ ሁልጊዜ የሞተር ብሮንዝ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት መቀመጫ) አይደለም። የኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክብ ዕቃ) ብሎን ሲላላ ወይም ስሱ ቮላኖ (ኮንቨርተሩ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበት ስስ ብረት) ሲሰነጠቅ ድምፁ እንደዚያው ነው፣ ሞተር ያስፈታ ሰውም አለ። ከሥር ያለውን ትንሽ ክዳን ፈትቶ በባትሪ መብራት ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

«የእጅ ማርሽ ያወረደ ይሄንንም ያወርዳል፤ ሦስት ሰው ይበቃል»

ኮንቨርተሩ ውስጡ እያለ ካምቢዮው ከ70 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የፊቱም ከኋላው ይከብዳል። በደረት ተይዞ ሲወርድ አፉ (ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው ሰፊ ጫፍ) ቀድሞ ይዘነበላል፤ ኮንቨርተሩ ተንሸራትቶ እግር ላይ ይወድቃል። በካምቢዮ ክሪክ ላይ በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ቀበቶ ታስሮ ነው መውረድ ያለበት። መሬቱ አሸዋ ከሆነ፣ እንደ ደቻቱ ወንዝ ዳር ማለት ነው፣ ክሪኩም የመኪናው መደገፊያም ሥር ወፍራም ላሜራ ወይም ሳንቃ ይነጠፍ። አሸዋ ጠዋት የያዘውን ክብደት ከሰዓት ይለቃል።

ሞተሩም መደገፊያ ይፈልጋል። የኋላው ተሸካሚ ሲፈታ ሞተሩ ወደ ኋላ ስለሚጋደም የራዲያተር ቱቦ ይወጠራል፣ ቬንትሌተሩ መከለያውን ይመታል። ከኮፓው (ከሞተሩ የታች የዘይት ገንዳ) ሥር እንጨት አድርጎ ሁለተኛ ክሪክ ማቆም ይበቃል።

የቀረው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ የባትሪው ኔጌቲቭ፣ ዘይቱን ማፍሰስ፣ ትራስሚሲዮኑ፣ ማለትም ወደ ኋላ እግር የሚሄደው ዘንግ (ሳይፈታ ፍላንጁ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ፤ ዞሮ ከተገጠመ ይንቀጠቀጣል)፣ የማርሽ ገመድ፣ ሶኬቶች፣ የዘይት ቱቦዎች፣ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻው)፣ ከዚያ የኮንቨርተሩ ብሎኖች።

«ኮንቨርተሩ ሞተሩ ላይ ቢቀርም ግድ የለም»

ግድ አለው። በእጅ ማርሽ ፍሪሲዮኑ ሞተሩ ላይ ስለሚቀር ነው ሰው የሚሳሳተው። ኮንቨርተር ከካምቢዮው ጋር ይወጣል፣ ከካምቢዮው ጋር ይገባል። የፊት ፑሊውን ብሎን በቁልፍ እያዞሩ በታችኛው ክዳን በኩል ብሎኖቹን አንድ በአንድ መፍታት ነው፤ በብዙ የቶዮታ ቫኖች ስድስት ናቸው። በአንዳንዶቹ ከስድስቱ አንዱ ቀለሙ የተለየ ነው። ሲገጠም መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው፣ ሌሎቹን መስመር ያስይዛል። ብሎን ጠፍቶ በረዘመ ከተተካ ጫፉ የኮንቨርተሩን ፊት ገፍቶ ያጎብጠዋል፤ በውስጥ በኩል ያለው የመቆለፊያ ፍሪሲዮን የሚይዘው እዚያው ገጽ ላይ ነው።

«ትንሽ ክፍተት ቢቀር ብሎኑ ይስበዋል»

ካምቢዮ ገዳይ አባባል ይሄ ነው።

ኮንቨርተሩ ወደ ካምቢዮው ሲገባ በሦስት ቦታ መያዝ አለበት፦ በዋናው ዘንግ ጥርስ፣ በስታተሩ ዘንግ ጥርስ፣ መጨረሻ ላይ በዘይት ፓምፑ። ቀስ ብሎ እየገፉ ሲያዞሩት በየደረጃው «ጡብ» ብሎ ይወርዳል። ሁለቱ ሲገቡ እጅ ላይ የገባ ይመስላል፤ ፓምፑ ግን ገና ነው። በዚህ ሁኔታ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሲጠጋ አንድ ጣት የማይሞላ ክፍተት ይቀራል። መካኒኩ «ፒኑ ጠብቆ ነው» ብሎ 17 ቁልፍ ያነሳል። ብሎኑ እውነትም ይስበዋል፣ ግን ኮንቨርተሩ የፓምፑን ጥርስ እየጨፈለቀ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ወይ ማርሽ አይዝም፣ ወይ ከፊት ፓራሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ዘይት ይፈስሳል፣ ወይ ለጥቂት ቀን ሠርቶ የፓምፑ ስባሪ በካምቢዮው ውስጥ ይሰራጫል።

መከላከያው ቀላል ነው። አሮጌው ካምቢዮ እንደወረደ፣ ኮንቨርተሩ ሳይነካ፣ ቀጥ ያለ ብረት በአፉ ላይ አጋድማችሁ እስከ ኮንቨርተሩ የብሎን መቀመጫ ያለውን ጥልቀት በካሊፐር ለኩ፤ ቁጥሩን በማርከር ካምቢዮው ላይ ጻፉት። ሲገጠም ከዚያ ያነሰ ከሆነ አልገባም። ሁለተኛው ፈተና በእጅ ነው፦ የካምቢዮው አፍና ሞተሩ ያለ ብሎን ጉልበት፣ በመግፋት ብቻ ዙሪያውን መገናኘት አለባቸው። ከተገናኙ በኋላም ኮንቨርተሩ በጣት እየዞረ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ተስቦ ቮላኖውን መንካት አለበት። ካልዞረ ወደ ኋላ መልሱት፤ ድካም ነው፣ ግን ከአዲስ ካምቢዮ ይረክሳል።

ከመጠጋቱ በፊት ኮንቨርተሩ ውስጥ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ይጨመር፣ አንገቱና ፓራሊዮው በዘይት ይቀቡ። ሞተሩ ላይ ያሉት ሁለት መምሪያ ፒኖች መኖራቸውም ይታይ። አንዱ ከጠፋ ካምቢዮው በፀጉር ያህል ይጣመምና ቮላኖው ከወራት በኋላ ይሰነጠቃል።

«ቱቦና ራዲያተሩን ምን አገባው?»

አሮጌው ካምቢዮ ሲቃጠል የፍሪሲዮኑ ዱቄትና የብረቱ ብናኝ በሁለቱ ቱቦዎች ሄዶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ይተኛል። አዲሱ ሲገጠም የመጀመሪያው ዝውውር ያንን ቆሻሻ መልሶ ያመጣለታል። ቱቦዎቹ ፈሳሹ ከሚሄድበት በተቃራኒ በማጠቢያ ፈሳሽ እየታጠቡ በአየር ይነፉ፣ የሚወጣው ንጹሕ እስኪሆን ድረስ። ማቀዝቀዣው ከራዲያተሩ ጋር አንድ ከሆነና ዘይቱ እንደ ወተት ሻይ ከሆነ፣ ውኃ ገብቷልና ራዲያተሩ ይቀየር። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት በሙሉ ጭነት ለሚወጣ ቫን ይሄ ቅንጦት አይደለም፤ ካምቢዮው ሙቀቱን የሚያወጣበት ዋናው በር እሱ ነው።

«ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው፤ መለኪያውም ሞተር ጠፍቶ ነው»

ሁለቱም ስህተት። የቀድሞዎቹ ባለ አራት ማርሽ ቶዮታዎች ዴክስሮን፣ ከዚያ የመጡት ቲ-አራት፣ ባለ ስድስቶቹ ደብሊው-ኤስ ይላሉ፤ ቀለማቸው ቀይ መሆኑ አያስማማቸውም። ዲፕስቲክ ያለው ካምቢዮ የሚለካው ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የማርሽ እጀታው በሁሉም ማርሽ ተዘዋውሮ «ፒ» ላይ ከቆመ በኋላ፣ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። የድሬ ፀሐይ እዚያ አያደርሰውም፤ መነዳት አለበት። ዲፕስቲክ የሌለው ባለ ስድስት ማርሽ ግን በሙቀቱ ተቃራኒው ነው፦ ሞተሩ እየሠራ፣ በትርፍ ዘይት መፍሰሻው ብሎን በኩል፣ በ40 ዲግሪ አካባቢ ይለካል። እኩለ ቀን ላይ ቆሞ የዋለ መኪና ይህን ቶሎ ያልፈዋል፣ ስለዚህ በጠዋት ይሠራ።

«የመኪናው ስም ከገጠመ ካምቢዮውም ይገጥማል»

የቤንዚንና የናፍጣው አፍ ይለያያል፣ የሶኬቶቹም ቁጥር እንዲሁ። የመኪናው ስም ሳይሆን የፋብሪካው መለያ ሰሌዳ (ታርጋው አይደለም) ላይ ያለው የካምቢዮ ኮድ ይታይ። ገንዘብ ሳይከፈል አሮጌውና የሚገዛው ጎን ለጎን ይቀመጡ።

«ደንገጎ ላይ ከቆመ ኒውትራል አድርጎ በገመድ ማውረድ ነው»

የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የኋላ እግር ሲዞር የካምቢዮው የኋላ ክፍል ያለ ዘይት ይዞራል። ስለዚሁ ተገፍቶም አይነሳም። ትራስሚሲዮኑን መፍታት ካምቢዮውን ያድነዋል፤ ዘይት እንዳይፈስ የካምቢዮውን ጫፍ በፌስታልና በላስቲክ ማሰር ብቻ ነው። ሞተር ከጠፋ ግን ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል፣ ያ ቁልቁለት ደግሞ ለገመድ አይሆንም። ከዚያ የሚወርደው በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ነው።