ድሬ ላይ አትሌቲክስ፦ ስለ ትንሽ የኮሌጅ ቡድን የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

አንድ የውድድር ዓመት ሙሉ ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ አትሌቲክስ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነበርኩ። ቡድን ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አስራ አራት ልጆች፣ አንድ የእጅ ሰዓት፣ አንድ መለኪያ ሜትር እና ሁለት ጥንድ እስፓይክ (ከሥሩ ጥርስ ያለው የሩጫ ጫማ) ነው ያለን። 100 ሜትር የሮጠው ልጅ እስፓይኩን አውልቆ ለ200 ሜትሩ ልጅ ያቀብላል።

የዚያን ዓመት ከልምምዱ ይልቅ ያደከመኝ ወሬው ነው። ባጃጅ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ ቢሮ፣ ሁሉም ሰው አትሌቲክስ ያውቃል። ኢትዮጵያዊ ነዋ! ግማሹ የሚያውቀው ግን ልክ አይደለም። እኔም ራሴ አንዳንዱን አምን ነበር።

«አትሌቲክስ ማለት ረጅም ርቀት ነው»

ለምዝገባ ሃያ ሁለት ልጅ መጣ። ሃያው «5 ሺህ እና 10 ሺህ» ብሎ ጻፈ። አይፈረድባቸውም። ከአበበ ቢቂላ እስከ ቀነኒሳ በቀለ በቴሌቪዥን ያየነው እሱን ነው። አጠር ያለውን ርቀት እንኳን እንረሳዋለን። መሐመድ አማን እ.ኤ.አ. በ2013 ሞስኮ ላይ በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ጊዜ ስንት ሰው ነው «በ800?» ብሎ የገረመው።

እውነታው ግን ሜዳው ላይ አሎሎ አለ፣ ዲስከስ አለ፣ ጦር አለ። ርዝመት፣ ሱሉስ እና ከፍታ ዝላይ አለ። እርምጃ፣ መሰናክል፣ ዱላ ቅብብል አለ። ኮሌጆች የሚበላለጡት በሜዳልያ ቆጠራ ነው፤ የአሎሎ ወርቅ ደግሞ ከ10 ሺህ ወርቅ አያንስም። ትልልቆቹ ኮሌጆች ደጋ ላይ ያደጉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሮጡ የኖሩ ልጆች አሏቸው። እነሱን 25 ዙር ማሳደድ ለእኛ ትርፉ ድካም ነው። አሎሎ ላይ ግን የሚሰለፈው ሰው በጣት ይቆጠራል። ግማሹም «አንተ ወፈር ያልክ ነህ፣ ግባ» ተብሎ የመጣ ነው።

ይሄም ራሱ ስህተት ነው። አሎሎ የውፍረት ስፖርት አይደለም። የመወርወሪያው ክብ ስፋት 2 ሜትር ከ13 ሳንቲም ተኩል ብቻ ነው። እዚያች ውስጥ ተንሸራተህ ወይ ተሽከርክረህ፣ ጉልበቱን ከእግርህ ወደ ወገብህ፣ ከወገብህ ወደ ክንድህ አምጥተህ፣ ከፊት ሳትወጣ መቆም አለብህ። የእኛ ወርዋሪ ቀጭን የኤሌክትሪሲቲ ተማሪ ነበር። በስድስት ሳምንት 12 ሜትር ገባ። ጨፈርን።

ከዚያ አንድ ቀን ነገሩ አላምር አለኝ። አሎሎውን በፌስታል ይዤ ከፊራ ገበያ ሄድኩ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ምንድነው ይሄ፣ ወንድሜ?» እያለች ሚዛኗ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልክ ስድስት ኪሎ! የአዋቂ ወንዶች አሎሎ 7 ኪሎ ከ260 ግራም ነው። ስድስት ኪሎው ከ20 ዓመት በታች ላሉ ወንዶች ነው። መጋዘናችን ውስጥ ለስንት ዓመት የኖረው የታዳጊዎች አሎሎ ነው ለካ! ልጁ ሲሰማ «ኧረ አቦ፣ ኮች!» ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ትክክለኛውን ከሌላ ኮሌጅ ተውሰን ከ10 ሜትር እንደገና ጀመርን። ስድስት ኪሎው አሁን የቢሮዬን በር ይደግፋል።

«ድሬ ቆላ ናት፣ ሯጭ አይወጣባትም»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። ለዚህ ነው የማይሞተው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,900 አካባቢ፣ ሐረማያ 2,000 አካባቢ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። ለ10 ሺህ ሯጭ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ለ100 ሜትር ሯጭና ለዘላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚገፋህ ነገር ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ፣ 2,240 ሜትር ላይ፣ አሜሪካዊው ቦብ ቢመን በርዝመት ዝላይ 8 ሜትር ከ90 ዘለለ። የቀድሞው ክብረ ወሰን 8 ከ35 ነበር። የእሱ ደግሞ እስከ 1991 ድረስ አልተነካም። በዚያው ኦሊምፒክ የረጅም ርቀቱ ሰዓት ዘገምተኛ ነበር፤ የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈው ያኔ ነው። በአጭር ርቀትና በዝላይ ሰነዶች ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ የተመዘገበ ውጤት የከፍታ ምልክት ይደረግበታል። ስለዚህ «ቆላ» የምንላት ድሬም ምልክቱ አይቀርላትም። ይሄን ለልጆቹ ስነግራቸው ለሳምንት ያህል ተንቀባረሩ።

ሌላም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ከድሬ በላይ ደጋው ላይ ወዳለችው ደንገጎ እንወጣ ነበር። «ደም ልንወፍር ነው» ይላሉ ልጆቹ። በአንድ ጠዋት ደም አይወፍርም፤ ሰውነት ለከፍታ እስኪላመድ ሳምንታት ይፈጅበታል። ደንገጎ የሰጠን ቀዝቃዛ አየርና ዳገት ነው። እሱም ከበቂ በላይ ነበር።

«ጃኬት ደርቦ በፀሐይ መሮጥ ያጠነክራል»

አንዱ ልጅ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ሁሉ ዘግቶ ሰው ጥላ ሲፈልግ፣ የላስቲክ ጃኬት ለብሶ ሳቢያን ሰፈር ሲሮጥ አገኘሁት። ክብደት እየቀነሰ ነው አሉ! እርግጥ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቀንሷል። የቀነሰው ግን ውሃ ነው። ሁለት ጠርሙስ ሲጠጣ ይመለሳል። ጃኬቱ የሚያደርገው ላቡ እንዳይተን መከልከል ነው፤ ሰውነት የሚቀዘቅዘው ደግሞ ላብ ሲተን ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስ ራስን መሳት ይከተላል።

ሙቀት መልመድ እውነተኛ ነገር ነው። ቀስ እያሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ከሠሩ ሰውነት ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ የልብ ምትም ይረጋጋል። የድሬ ልጅ ግን እዚሁ ኖሮ ለምዷል። ጃኬት አያስፈልገውም። እኛ ከሌሊቱ አስራ አንድ ተኩል ጀምረን አንድ ሰዓት ሲሆን እንጨርስ ነበር።

«ደቻቱ ደርቋል፣ ከተማው ካልዘነበ ችግር የለም»

ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለእግር ጡንቻ ጥሩ ነው። እኛም በበጋ ሠርተንበታል። ክረምት ላይ ግን ክልክል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ከደጋው ነው። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ልጆቹ ያኔ ሕፃናት ነበሩ። ወላጆቻቸው ግን አልረሱም፤ የአሸዋ ልምምድ ስንል ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል?»

ሮም ላይ አዎ፣ በ2:15:16። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ገባ። ሌላ ጥያቄ?

«ስምንተኛው መስመር ላይ ያለው ቀድሞ ይነሳል»

በ400 ሜትር ውድድር ሁሌም ከተመልካች የሚነሳ ጩኸት ነው። «ያ ልጅ ፊት ቆሟል፣ ይሄ ማጭበርበር ነው!» ይባላል። ዙሩ 400 ሜትር የሚሆነው በውስጠኛው መስመር ነው። ወደ ውጭ በወጣህ ቁጥር መታጠፊያው ይሰፋል። አንዱ መስመር 1 ሜትር ከ22 ስለሆነ የሁለተኛው መስመር ሯጭ 7 ሜትር ከ4 ሳንቲም ቀድሞ ይቆማል። የስምንተኛው 53 ሜትር ከ3 ሳንቲም። ሁሉም የሚሮጠው 400 ብቻ ነው። እንዲያውም ስምንተኛው ማንንም ስለማያይ ብዙዎች አይወዱትም።

እኔ ይሄን በወረቀት አውቃለሁ። አፈር ሜዳ ላይ በኖራና በገመድ ማስመር ሌላ ጣጣ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሰምር «ሰባት ሰባት እርምጃ» ብዬ ጨረስኩት። የእኔ እርምጃ ደግሞ ሜትር አይሞላም። በሙከራው ዋና ተስፋችን የሆነው ልጅ ከስምንተኛ መስመር ተነስቶ መጨረሻ ወጣ። ምስኪን፣ ከሌላው የበለጠ ነው የሮጠው። በሜትር ለክተን እንደገና አሰመርን። በማግስቱ ጠዋት ስንመጣ ፍየሎች አልፈውበታል። ነጭ የኮቴ ዱካ ከመነሻው መስመር እስከ ሰፈሩ ድረስ ተዘርግቷል።

«ሴት ልጅ ሩጫ ይጎዳታል»

የአንዷ የአካውንቲንግ ተማሪ እናት ግቢ ድረስ መጡ። «ወንድሜ፣ ነገ ማግባት አለ፣ መውለድ አለ» አሉኝ። ይሄ ወሬ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ። «ከአቅማቸው በላይ ነው» ተባለና ርቀቱ እስከ 1960 ከኦሊምፒክ ተሰረዘ። ማራቶን የተፈቀደላቸው በ1984 ነው።

ለእናትየው ይሄን ሁሉ አላወራሁም። ስለ ደራርቱ ቱሉ ብቻ ነገርኳቸው። 1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ወሰደች፣ ከዚያ ልጅ ወለደች፣ 2000 ሲድኒ ላይ ደግማ ወርቅ ወሰደች። «ወልዳ ነው?» አሉ። አዎ፣ ወልዳ። ሊጎዳ የሚችለው ሩጫው ሳይሆን ሳይበሉ መሮጥ ነው። ምግብ ቀንሳ ልምምድ የምታበዛ ልጅ የወር አበባዋ ሊቀር፣ አጥንቷም ሊሳሳ ይችላል። ስለዚህ ምሳ እንዲቋጥሩላት ለመንኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚመጣው ምሳ ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር።

«ጎበዝ ከሆንክ የአሜሪካ ኮሌጅ በነፃ ይወስድሃል»

አንዳንዱ ይወስዳል። ግን «የአሜሪካ ኮሌጅ» አንድ ነገር አይደለም። ትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበራቸው በሦስት ዲቪዚዮን ይከፈላል። ሦስተኛው ውስጥ ያሉት፣ አብዛኞቹ ትናንሽ ኮሌጆች፣ ለስፖርት ብሎ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የላቸውም። ተማሪው የሚረዳው በትምህርት ውጤቱ ወይም በቤተሰቡ አቅም ታይቶ ነው። «እኔ አስገባሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ብር የሚጠይቅ ካለ ደላላ ነው።

«ዱላ ቅብብል አራት ፈጣን ልጅ ማሰለፍ ነው»

ለትንሽ ቡድን ከዚህ የበለጠ የሚጎዳ እምነት አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ የአሜሪካ ወንዶችም ሴቶችም የ4 በ100 ቡድኖች በአንድ ምሽት ዱላ ጥለው ማጣሪያውን ሳያልፉ ቀርተዋል። ፍጥነት አጥተው አይደለም። ዱላው የሚቀያየርበት ክልል 30 ሜትር ነው። ከዚያ ውጭ ከተቀባበሉ ቡድኑ ይሰረዛል። ተቀባይዋ መሬት ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሰጪዋ ምልክቱን ስትረግጥ ተቀባይዋ ወደ ኋላ ሳታይ ትነሳለች። ድምፅ ስትሰማ እጇን ትዘረጋለች። የሚጠፋውም የሚገኘውም ጊዜ እዚያ ጋ ነው።

ዱላ አልነበረንም። ከውሃ ቱቦ 30 ሳንቲም ቆርጠን አሸዋ በወረቀት ጠቅጥቀን ሠራን። አራቱ ሴቶች ማለዳ ማለዳ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ ከዚያ በሙሉ ፍጥነት ተቀባበሉ። ድምፁ «እንኪ!» ነው። ሌላ ቃል የለም። ማደሪያ ውስጥ ሳሙና ሲቀባበሉም «እንኪ!» ይሉ ነበር አሉ።

የውድድሩ ቀን አንድ ትልቅ ኮሌጅ አራት ሴቶች አሰለፈ። እያንዳንዳቸው ከእኛዎቹ ይፈጥናሉ። በሦስተኛው ቅብብል ላይ ተቀባይዋ ቀድማ ተነሳች፣ ሰጪዋ አልደረሰችባትም፣ ዱላው ከክልሉ ወጥቶ ተሰጠ። ተሰረዙ። የእኛዎቹ ሁለተኛ ሆነው ገቡ። ያች የአካውንቲንግ ተማሪ ሁለተኛዋ ሯጭ ነበረች። እናቷ ምሳ ቋጥረው ከተመልካች መሃል ተቀምጠዋል። ሜዳልያ ሲታደል ጠጋ ብለው ጠየቁኝ፦ «ወንድሜ፣ ያቺ ልጄ ላይ እንደዛ የምትጮህባት ማናት?»