«ስልኩ እንግሊዝኛ እያስተማረው ነው»

መናገር ዘገዩ የተባሉ ሕፃናት ወደ እኔ ይመጣሉ። ወላጆቻቸውም አንድ ወሬ አላቸው፦ «ስልክ እንሰጠዋለን፤ ግን እንግሊዝኛ እየተማረበት ነው።» በኩራት እኮ ነው የሚሉት!

በቅርቡ የመጣ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ በእንግሊዝኛ እስከ አስር ይቆጥራል። ቀለማቱንም ያንበለብላቸዋል። ሁለት ኳስ አስቀምጬ «ቀዩን ስጠኝ» ስለው ግን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ዝም። ውሃ ሲፈልግ ያለቅሳል። ዜማውን ሸምድዷል፤ ቋንቋው ገና ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሕፃናት ቋንቋ እንዴት እንደሚማሩ የምታጠናው ፓትሪሺያ ኩል እና ባልደረቦቿ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ቻይንኛ አሰምተው ነበር። ለአንዱ ቡድን ሰዎች በአካል እየመጡ 12 ጊዜ አነበቡላቸው፣ አጫወቷቸው። ሌላው ቡድን እነዚያኑ ሰዎች በቪዲዮ አየ። ከሰው ጋር የተጫወቱት የቻይንኛ ድምፆችን ለዩ። ቪዲዮ ያዩት ቻይንኛ ጨርሶ ካልሰሙት አልተሻሉም። ሰው ልጁ ወዳየበት ያያል፣ ሲኮላተፍም ይጠብቀዋል። ቪዲዮው ልጁ ቢተኛም ይዘፍናል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቃል ያስተምራል የተባለ ቪዲዮ ለሕፃናት አሳየ። ካላዩት አልበለጡም። የበለጡት ያለ ቪዲዮ ወላጆቻቸው ያስተማሯቸው ናቸው። የሚገርመው፣ ቪዲዮውን የወደዱ ወላጆች ልጃቸው ብዙ ተምሯል ብለው አምነዋል። «በዓይኔ እያየሁ ነው የሚማረው» ስትሉኝ የማልቀበለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ልጁን አዋሩት። ሽንኩርት ስትልጡ አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ይንካው፣ ያሽትተው፣ ስሙን ንገሩት። ታክሲ ስትጠብቁ ያለፈውን መኪና ቀለም ጥሩለት። ጠይቃችሁት ዝም ካለ ቶሎ አትመልሱለት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በምትችሉት ቋንቋ አውሩ። እንግሊዝኛው ትምህርት ቤት ይደርሳል።

ሌሎችም የምሰማቸው ወሬዎች አሉ። «ቲቪው ዝም ብሎ ነው የተከፈተው፣ አያየውም።» እናንተ ግን ታዩታላችሁ፤ ያኔ ከልጁ ጋር የምታወሩት ይቀንሳል።

«ስልክ ኦቲዝም ያመጣል።» ይህ አልተረጋገጠም። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ ስልኩን ደብቃችሁ አትጠብቁ፤ አስመርምሩት።

«ቪዲዮ ጥሪም ያው ስክሪን ነው።» አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ሁለት ዓመት የሞላቸው ልጆች በቀጥታ ቪዲዮ ጥሪ ካነጋገራቸው ሰው አዲስ ቃል ተምረዋል፤ ከተቀዳ ቪዲዮ ግን አልተማሩም። ዱባይ ያለችው አክስቱ ስትደውል ያዋራት። እናንተም አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ «አክስትህ ኳስህ የታለ እያለችህ ነው፣ አሳያት» በሉት።