ጭራው ላይ ያለው እንስሳ፦ ስለ ሞዴል አውሮፕላኖች በስሕተት የሚታመኑ ነገሮች

የመንገደኛ አውሮፕላን ሞዴሎችን የሚሰበስብ ሰው መደርደሪያውን ላዩ እንግዶች ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ያስረዳል። በጭራቸው ላይ እንስሳ ያለባቸውን አውሮፕላኖች በተመለከተ ደግሞ ስሕተቱ ይበዛል። አንዳንዱን እዚህ ላርም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አንዱን የገዛ ሁሉንም ገዛ»

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። መቀመጫውን ዴንቨር ያደረገውን የአሜሪካውን አየር መንገድ ፍሮንቲየርን እንውሰድ። በ1994 መብረር ከጀመረ ወዲህ የአውሮፕላኖቹ ጭራ የዱር እንስሳት መታያ ሆኗል፤ ድቡ ግሪዝዋልድ፣ ሊንክሱ (የዱር ድመቱ) ላሪ፣ ዶልፊኑ ፍሊፕ። እያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱ እንስሳ፣ እንስሳውም የራሱ ስም አለው። ስለዚህ «የፍሮንቲየር ኤርባስ» ብሎ ሞዴል መጠየቅ በቂ አይደለም፤ የትኛው እንስሳ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ሰብሳቢው ሞዴሉን እጁ ሲያስገባ ቀድሞ የሚያየው ጭራውን ነው፤ ቀጥሎ ወደ ኋላ በኩል በደቃቁ የታተመውን የምዝገባ ቁጥር ያነባል። ሁለቱ ካልተስማሙ በእጁ ያለው አውሮፕላን በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም ማለት ነው። ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚያዩ ሰዎች ሞዴል ማለት የአንድ እውነተኛ አውሮፕላን መዝገብ መሆኑን ይዘነጋሉ።

«አርማው ከጥንት ጀምሮ እንዳለ ነው»

የአውስትራሊያው አየር መንገድ የኳንታስ ካንጋሮ ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። በ1944 ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ የተቀዳው ከአገሪቱ የአንድ ፔኒ ሳንቲም ነበር። በ1947 ክንፍ አወጣ፤ በ1984 ደግሞ ክንፉ ተነሣ። እንግዲህ የ1970ዎቹን ቦይንግ 747 የሚያሳይ ሞዴል ክንፍ የሌለው ካንጋሮ ከተደረገበት፣ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር ዘመኑን ስቷል። ለእኛም እንዲሁ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720ቢ ሞዴል ከፊት በኩል የይሁዳ አንበሳ ከሌለው እኔ አልገዛውም።

«የሉፍታንዛ ወፍ ንስር ናት»

አይደለችም። በጀርመኑ አየር መንገድ በሉፍታንዛ ጭራ ላይ ያለችው ጀርመኖች ክራኒሽ የሚሏት፣ አንገተ ረጅም የረግረግ ወፍ ናት። ኦቶ ፊርለ የሳላት በ1918 ነው፤ ይህም በ1926 የመጀመሪያው ሉፍታንዛ ከመቋቋሙ በፊት፣ ዶይቸ ሉፍት ሬደራይ ለተባለ ኩባንያ ነበር። ወፏን በአካል ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ መንጋዎች ቢሾፍቱ አጠገብ ጨለለቃ ድረስ ይመጣሉ።

«ሁሉም በእጅ የተቀባ ሥዕል ነው»

አንዳንዱ በእርግጥ ቀለም ነው። የጃፓኑ አየር መንገድ ኤኤንኤ ከቶኪዮ ናሪታ ወደ ሆኖሉሉ ለሚበሩ ሦስት ኤርባስ ኤ380 አውሮፕላኖቹ የሃዋይን የባሕር ኤሊ መርጧል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የጀምበር መጥለቂያ ቀለም ያለው። የመጀመሪያውን ለመቀባት የኤርባስ ባለሙያዎች 21 ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ 16 ዓይነት ቀለም ተጠቅመው 3,600 ካሬ ሜትር ሸፍነዋል። የዱባዩ ኤምሬትስ ግን በ2015 የዱር እንስሳትን ሕገ ወጥ ንግድ ለመቃወም ኤ380ዎቹ ላይ ያወጣቸው እንስሳት ትልልቅ ተለጣፊ ምስሎች ነበሩ። ተለጣፊው ጊዜው ሲደርስ ይላጣል። የተላጠውን መልክ የሚያቆየው ሞዴሉ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሰብሳቢዎች ቶሎ ይሻሙበታል።

«1፡400 ከ1፡200 ይበልጣል»

እነዚህ ቁጥሮች ሞዴሉ ከእውነተኛው አውሮፕላን ስንት እጅ እንደሚያንስ ይናገራሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲተልቅ ሞዴሉ ያንሳል። 66.8 ሜትር ርዝመት ያለው ኤርባስ ኤ350-900 በ1፡400 ሲሠራ 16.7 ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡200 ደግሞ 33.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ እጥፍ ስለሚሆኑ የሚይዘው ቦታ በጠቅላላው ስምንት እጥፍ ነው፤ መደርደሪያ የሚያሠራ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

«ብረት ስለሆነ አያረጅም»

አብዛኞቹ ከዚንክ ቅይጥ የሚቀለጡ ናቸው። ቅይጡ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ከገባበት ብረቱ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይበላል፤ ቀለሙ ይነፋል፣ ክንፉ ይጣመማል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። እርጥበትና ሙቀት ያፋጥኑታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙ የብረት አሻንጉሊቶች የጠፉት በዚህ ነው። አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውም። ነገር ግን ወደ ሌላው ይጋባል የሚባለው ሐሰት ነው፤ ችግሩ ከፋብሪካው አብሮ የመጣ ስለሆነ የተሰነጠቀው ሞዴል ከጤነኞቹ ጎን ቢቀመጥ አይጎዳቸውም።